ድንበር ተሻጋሪ የኤሌክትሪክ ኃይል ሽያጭ፦ አሠራሩ፣ ውሎቹና ለአገር ውስጥ ተጠቃሚ ያለው ትርጉም

ኢትዮጵያ ከጂቡቲ፣ ከሱዳንና ከኬንያ ጋር በከፍተኛ የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ መስመሮች የተገናኘች ሲሆን፣ በእነዚህ መስመሮች አማካይነት ከምታመነጨው ኃይል የተወሰነውን ለጎረቤቶቿ ትሸጣለች። ሽያጩን በሚመለከት ከዜጎች በተደጋጋሚ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው። በአገር ውስጥ መብራት ያልደረሰው ሕዝብ እያለ፣ የደረሰውም በኃይል መቆራረጥ እየተማረረ፣ ኃይል ወደ ውጭ የሚላከው ለምንድን ነው? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም «ኃይል ስለተረፈ» በሚል አንድ ሐረግ የሚያልቅ አይደለም። ይህ ጽሑፍ ሽያጩ በምን ዓይነት መስመርና ውል፣ በየትኞቹ ተቋማትስ አማካይነት እንደሚከናወን፣ እንዲሁም ከአንድ ቤተሰብ ቆጣሪ ጋር የሚገናኝበትንና የማይገናኝበትን ቦታ ያብራራል።

ኤሌክትሪክ እንደ ሸቀጥ

ቡና ወይም ሰሊጥ በመጋዘን ተከማችቶ ገዢ እስኪመጣ ሊቆይ ይችላል። ኤሌክትሪክ ግን በተመነጨበት ቅጽበት ጥቅም ላይ መዋል ይኖርበታል። ባትሪዎች ይህን ችግር በተወሰነ ደረጃ የሚያቃልሉ ቢሆንም፣ የአንድን አገር ፍላጎት ለሳምንታት የሚሸፍን ክምችት በባትሪ መያዝ እስካሁን ከአቅም በላይ ውድ ነው። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ኃይሏን ከውሃ በምታመነጭ አገር ውስጥ በእርግጥ የሚከማቸው ኤሌክትሪኩ ሳይሆን በግድቡ ጀርባ የተኛው ውሃ ነው። ውሃው ደግሞ ለዘላለም አይጠብቅም፤ ክረምቱ ጠንክሮ ግድቡ ሲሞላ ትርፉ በማስተንፈሻ በኩል ይለቀቃል። ተርባይን ሳያዞር ያለፈው ውሃ ተመልሶ የማይመጣ ገቢ ነው።

በዚህ ላይ የፍላጎት መዋዠቅ ይጨመራል። የአገር ውስጥ ፍላጎት ምሽት ላይ፣ ምጣድና ምድጃ በሚለኮስበትና መብራት ሁሉ በሚበራበት ሰዓት ወደ ጫፉ ይወጣል፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ደግሞ በእጅጉ ይወርዳል። የኃይል ማመንጫዎች ሊገነቡ የሚገባው ግን ለምሽቱ ጫፍ ነው። በመሆኑም በቀሪዎቹ ሰዓታት ሥራ የሚፈታ አቅም ይኖራል። ጎረቤት አገር በሌላ ሰዓት ወይም በሌላ ወቅት ኃይል የሚያስፈልገው ከሆነ፣ ሥራ የፈታውን አቅም ወደ ገቢ መለወጥ ይቻላል።

የጂቡቲ ሁኔታ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በጂቡቲ ከግንቦት እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ሙቀቱ የሚበረታበትና የማቀዝቀዣ መሣሪያዎች ያለ ዕረፍት የሚሠሩበት ወቅት ነው። ይኸው ጊዜ በአብዛኛው ከኢትዮጵያ ክረምት ጋር ይገጥማል፤ ግድቦች ውሃ የሚይዙበት ወቅት ማለት ነው። የኬንያ ሁኔታ ከዚህ ይለያል። ኬንያ ከኃይሏ ከፍተኛውን ድርሻ የምታገኘው በኦልካሪያና በአካባቢው ከሚገኘው የእንፋሎት ኃይል ሲሆን፣ እርሱ ሌሊትም ቀንም በአንድ ልክ ስለሚያመነጭ የምሽቱን ጫፍ ለመሸፈን ሌላ ምንጭ ያስፈልጋታል። ይህን ክፍተት ለረጅም ጊዜ ስትሸፍን የቆየችው በከፊል ነዳጅ በማቃጠል ነበር።

መስመሮቹ

ድንበር ተሻግሮ ኃይል መሸጥ ለቀጣናው አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተመረቀው የኡጋንዳው ኦወን ፎልስ ግድብ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለኬንያ ኃይል ያቀርብ ነበር። ኢትዮጵያ ወደዚህ ገበያ በከፍተኛ መስመር የገባችው በ2004 ዓ.ም. ከጂቡቲ ጋር ስትገናኝ ነው። ከድሬዳዋ ተነሥቶ ጂቡቲ የሚደርሰው ይህ መስመር 230 ኪሎ ቮልት የሚሸከም ሲሆን፣ ርዝመቱ 280 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ግንባታውን የአፍሪካ ልማት ባንክ በብድር ደግፎታል። ከዚያ በፊት ጂቡቲ የምትጠቀመው ኤሌክትሪክ ከውጭ በሚገባ ነዳጅ የሚመነጭ ነበር፤ መስመሩ ከተዘረጋ ወዲህ ከምትጠቀመው ኃይል አብዛኛው ከኢትዮጵያ የሚሄድ ሆኗል።

ሁለተኛው የሱዳን መስመር ነው። በመተማ በኩል ወደ ገዳሪፍ የሚያልፈው ይህ የ230 ኪሎ ቮልት መስመር በኅዳር 2006 ዓ.ም. ተመርቋል።

ሦስተኛው የኢትዮጵያና የኬንያ መስመር በመጠንም በቴክኖሎጂም ከሁለቱ የተለየ ነው። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ በደቡብ ኢትዮጵያና በቦረና በኩል አልፎ፣ ከናይሮቢ በስተ ሰሜን ምዕራብ በምትገኘው ሱስዋ ይጠናቀቃል። አጠቃላይ ርዝመቱ 1,045 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ከ430 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነው በኢትዮጵያ፣ ቀሪው በኬንያ ምድር ላይ ነው። 500 ኪሎ ቮልት በሆነ ቀጥተኛ ፍሰት፣ በተለምዶ ዲሲ በሚባለው፣ እስከ 2,000 ሜጋ ዋት ማስተላለፍ ይችላል። ገንዘቡ የተገኘው ከዓለም ባንክ፣ ከአፍሪካ ልማት ባንክ፣ ከፈረንሳይ የልማት ተቋምና ከሁለቱ መንግሥታት ነው። የንግድ ሽያጩ የተጀመረው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው።

ለዚህ መስመር ቀጥተኛ ፍሰት የተመረጠበት ምክንያት ርቀቱ ነው። በየቤቱ የምንጠቀምበት ኤሌክትሪክ አቅጣጫውን በሴኮንድ 50 ጊዜ ዙር እየሠራ የሚቀያይር፣ ኤሲ የሚባለው ተለዋዋጭ ፍሰት ነው። ይህ ፍሰት በትራንስፎርመር በቀላሉ ከፍና ዝቅ ስለሚደረግ ለከተማና ለገጠር ሥርጭት ይመቻል። ርቀቱ ከ600 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ግን ብክነቱና ወጪው ስለሚጨምር ቀጥተኛው ፍሰት አዋጭ እየሆነ ይሄዳል። ሌላም ጥቅም አለው። ሁለት አገሮች በተለዋዋጭ ፍሰት ሲገናኙ የሁለቱ መረቦች ምት አንድ ሆኖ መሄድ ይኖርበታል፤ የአንዱ መናጋት ሌላውን ያናጋል። በቀጥተኛ ፍሰት ሲገናኙ ግን እያንዳንዱ መረብ የራሱን ምት ይዞ ይቀጥላል፤ በመካከል ያለው መስመር የታዘዘውን መጠን ብቻ ያሳልፋል።

ከመስመሩ ሥር ያለው መንደር

ከዚህ ቴክኖሎጂ ጋር ተያይዞ ብዙ ቅሬታ የሚያስነሣ ነገር አለ። በደቡብ ኢትዮጵያና በቦረና ግዙፎቹ የብረት ምሰሶዎች በእርሻና በግጦሽ መሬት ላይ ቆመው፣ ኃይሉ በመንደሩ አናት ላይ አልፎ ሌላ አገር ሲደርስ፣ ከምሰሶው ሥር ያለው ቤት በኩራዝ ወይም በፀሐይ መብራት የሚያመሽበት ሁኔታ አለ። ነዋሪው «ከዚህ መስመር አንድ ሽቦ ቢወርድልን ምን ነበረበት?» ብሎ መጠየቁ የሚጠበቅ ነው።

ይሁን እንጂ ከዚህ መስመር ሽቦ ማውረድ አይቻልም። ቀጥተኛ ፍሰቱ ለቤት ወደሚሆን ፍሰት የሚለወጠው በሁለቱ ጫፎች በወላይታ ሶዶና በሱስዋ ባሉት መቀየሪያ (ኮንቨርተር) ጣቢያዎች ብቻ ነው። የመስመሩ ግንባታ ውድ የሆነበት ዋና ምክንያትም እነዚህ ጣቢያዎች ናቸው። በመካከል ላለ አንድ ወረዳ ሌላ መቀየሪያ ጣቢያ መትከል ለወረዳው በሙሉ ከሌላ አቅጣጫ አዲስ መስመር ከመዘርጋት እጅግ ይበልጥ ያስወጣል። ሁኔታው ከፍተኛ ተለዋዋጭ ፍሰት በሚሸከሙት መስመሮችም ቢሆን ብዙ አይለይም። የታላቁን የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ኃይል በደዴሳ በኩል ወደ ሆለታ የሚያደርሰው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር በተለዋዋጭ ፍሰት የሚሠራ ነው፤ ሆኖም ከእርሱም ላይ ለአንድ ቀበሌ በቀጥታ መቀንጠስ አይቻልም።

አንድ ኃይል ከግድብ ተነሥቶ ቤት እስኪደርስ በርካታ ደረጃዎችን ይወርዳል። መጀመሪያ በ500፣ በ400 ወይም በ230 ኪሎ ቮልት ይጓዛል። በማከፋፈያ ጣቢያ ወደ 132 ወይም ወደ 66 ኪሎ ቮልት፣ ከዚያም ወደ 33 ወይም ወደ 15 ኪሎ ቮልት ይወርዳል። በመጨረሻ በየሠፈሩ ምሰሶ ላይ በተሰቀለው ትራንስፎርመር ወደ 380 እና 220 ቮልት ተለውጦ ቤት ይገባል። ቮልቴጅ ከፍ የሚደረግበት ምክንያት ብክነትን ለመቀነስ ነው፤ በአንድ ዓይነት ሽቦ ላይ ያንኑ ኃይል በእጥፍ ቮልቴጅ ማስተላለፍ የመንገድ ላይ ብክነቱን ወደ አንድ አራተኛ ያወርደዋል።

ለዜጋው ጥያቄ መልስ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ሠፈር መብራት የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻዎቹ ደረጃዎች ላይ በሚደርስ ችግር ነው። ትራንስፎርመሩ ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ይቃጠላል፤ የእንጨት ምሰሶ በዝናብ በስብሶ ይወድቃል፤ ያረጀ ሽቦ በነፋስ ይነካካል፤ የዛፍ ቅርንጫፍ መስመር ላይ ያርፋል። ለኬንያ የሚላከው 200 ሜጋ ዋት በዚያች ሌሊት ቢቋረጥ የተቃጠለው ትራንስፎርመር አይጠገንም፤ መረብ ባልደረሰበት ቀበሌም አንድም አምፖል አይበራም። የሕዳሴው ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው በመሆኑ፣ 200 ሜጋ ዋት የዚህ አቅም ከ4 በመቶ በታች ነው።

ይህ ማብራሪያ የችግሩን ቦታ ያሳያል እንጂ ችግሩን አያቃልልም። ከኢትዮጵያ ሕዝብ ግማሽ የሚጠጋው ኤሌክትሪክ አያገኝም። በኅዳር 2010 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ለሁሉም ለማድረስ፣ 65 በመቶውን በዋናው መረብ፣ 35 በመቶውን ደግሞ ከመረብ ውጪ ባሉ እንደ ፀሐይ ኃይል ባሉ አማራጮች ለማዳረስ ግብ ጥሎ ነበር፤ ግቡ በተባለው ጊዜ አልተሟላም። ማመንጫዎች ከሥርጭት መስመሮች ቀድመው ሄደዋል። የኃይል ሽያጩም አንዱ መነሻ ይኸው አለመመጣጠን ነው፤ አገሪቱ ልታመነጭ ከምትችለው ኃይል የተወሰነው ወደ ተጠቃሚው ቤት የሚደርስበት መንገድ ገና አልተሠራለትም።

ውሉ ምን ይይዛል

የኃይል ሽያጭ ስምምነት ከሌላ የሸቀጥ ውል የሚለየው በተለይ ሰዓትን በመያዙ ነው። የሚሸጠው መጠን በሜጋ ዋት፣ የሚከፈልበት በኪሎ ዋት ሰዓት ሲሆን፣ ሻጩ በየትኛው ሰዓት ምን ያህል እንደሚያቀርብ፣ ገዢውም ምን ያህል እንደሚወስድ አስቀድሞ ይወሰናል። የሁለቱ አገሮች የኃይል መቆጣጠሪያ ማዕከላት በየዕለቱ የሚቀጥለውን ቀን መርሐ ግብር ይለዋወጣሉ። በመስመሩ ላይ የተተከሉ ቆጣሪዎች ያለፈውን ይመዘግባሉ፤ የወሩ ሒሳብም በዚያ ላይ ተመሥርቶ ይዘጋጃል።

በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልና በኬንያ ፓወር መካከል የተፈረመው ውል የ25 ዓመት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 200 ሜጋ ዋት፣ በቀሪዎቹ 22 ዓመታት 400 ሜጋ ዋት እንዲቀርብ ያስቀምጣል። ዋጋው በኪሎ ዋት ሰዓት 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። መጠኑን ለመገመት ያህል፣ 200 ሜጋ ዋት ያለማቋረጥ ለ24 ሰዓት ቢቀርብ 4.8 ሚሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ዋጋውም በቀን 312,000 ዶላር ነው። ይህ ስሌት መስመሩ ሁልጊዜ በሙሉ ልክ ሲሠራ ያለውን ያልተጣራ ገቢ የሚያሳይ ነው። ፍላጎት ሲቀንስ ወይም ብልሽት ሲያጋጥም የሚገኘው ከዚህ ያነሰ ይሆናል።

የውል ርዝመት ለተመልካች የሚያስገርም ሊሆን ይችላል፤ 25 ዓመት የአንድ ትውልድ ዕድሜ ነው። ነገር ግን መስመሩና ማመንጫው የሚገነቡት በረጅም ጊዜ ብድር ስለሆነ፣ አበዳሪ ገንዘቡን የሚለቀው ገዢ መኖሩ ሲረጋገጥ ነው። ለገዢው አገርም ቢሆን የሩብ ምዕተ ዓመት ዋጋ ማወቅ ከነዳጅ ገበያ መዋዠቅ ያሳርፈዋል። በሌላ በኩል ረጅም ውል እጅን የሚያስር ነው። የአገር ውስጥ ፍላጎት ከተገመተው በላይ ፈጥኖ ቢያድግ ሻጩ ቃል የገባውን መጠን ለማቅረብ ይገደዳል። ስለዚህ በውል ሲታሠር የቆየው መጠን ከመስመሩ አቅም በጣም ያነሰ መሆኑ፣ 2,000 ሜጋ ዋት በሚሸከም መስመር ላይ በ200 ጀምሮ ወደ 400 ማደጉ፣ ከጥንቃቄ አንጻር የሚደገፍ ነው።

የአገር ውስጥ ታሪፍ ከዚህ ውል ጋር አይያያዝም። የውጭ ሽያጭ ዋጋ በሻጭና በገዢ ድርድር በዶላር የሚወሰን ሲሆን፣ የአገር ውስጥ ታሪፍ ግን በነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ተመርምሮ በመንግሥት የሚጸድቅ ነው። ኬንያ የምትገዛበት ዋጋ ቢጨምር ወይም ቢቀንስ የአንድ ቤተሰብ ወርኃዊ ሒሳብ በዚያው ልክ አይለወጥም።

ገቢው ወዴት ይሄዳል?

ትራንስፎርመር፣ ሽቦ፣ ቆጣሪ፣ ተርባይንና መለዋወጫ በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ ናቸው። ለማመንጫዎች የተወሰዱ ብድሮችም የሚመለሱት በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ተጠቃሚው በየወሩ የሚከፍለው ግን ብር ነው። የኃይል ሽያጭ ለዘርፉ ያለው ፋይዳ ከገንዘቡ መጠን ይልቅ በገንዘቡ ዓይነት ላይ የሚመዘን የሚሆነው ለዚህ ነው። ከጂቡቲ የተገኘው ዶላር በቀጥታ ወደ አንድ ቀበሌ ትራንስፎርመር የሚሄድበት ቧንቧ እንደሌለ ግን መታወቅ አለበት። ገቢው ወደ ተቋሙ ሒሳብ ገብቶ ከብድር፣ ከጥገናና ከአዳዲስ ግንባታ ጋር ተደማምሮ ይመደባል።

ድርቅ፣ ብልሽትና የገዢው ሁኔታ

በውሃ ላይ የተመሠረተ ኃይል ሻጭ ዝናብን ዋስ አድርጎ የሚዋዋል ነው። በ2001 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የግድቦች ውሃ በመቀነሱ ኃይል በፈረቃ ይታደል እንደነበር ብዙ ተጠቃሚዎች ያስታውሳሉ። ኬንያም እ.ኤ.አ. በ1999 እና በ2000 ባጋጠማት ድርቅ ከባድ የኃይል እጥረት ደርሶባት ነበር። ከዚያ ወዲህ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጊቤ 3 እና ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴው ግድብ ተጨምረዋል። ሁለቱ የሚገኙት በተለያዩ ተፋሰሶች፣ አንዱ በኦሞ ሌላው በዓባይ ላይ በመሆኑ የአንዱ አካባቢ ዝናብ እጥረት ሌላውን ወዲያው አያጠቃም። የነፋስ ኃይልም በበጋ ወራት፣ ውሃው በሚቀንስበት ጊዜ፣ ጥሩ የሚያመነጭ በመሆኑ የተወሰነ ማካካሻ ይሰጣል። ሆኖም ተከታታይ የድርቅ ዓመታት ቢመጡ በቃል ኪዳን የታሠረው ኃይልና የአገር ውስጥ ፍላጎት የሚጋጩበት ጊዜ ሊኖር ይችላል። ሽያጩ የአገር ውስጥ ተጠቃሚን በእርግጥ ሊነካ የሚችለው በዚህ ጊዜ ነው፤ ስለዚህም በማንኛውም የኃይል ውል ውስጥ ሊጤን የሚገባው ዋና አንቀጽ የእጥረት ጊዜ አንቀጽ ነው።

ብልሽት ሁለቱንም ወገን እንደሚነካ ደግሞ ጳጉሜ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ታይቷል። በዚያ ዕለት በኬንያ ከሎያንጋላኒ የነፋስ ኃይል የሚያመጣው መስመር በድንገት ወጣ፤ ተከትሎም 200 ሜጋ ዋት ይዞ የነበረው የኢትዮጵያና የኬንያ መስመር ተቋረጠ። የኬንያ የኢነርጂ ባለሥልጣናት በወቅቱ እንዳስታወቁት በአጠቃላይ 488 ሜጋ ዋት በአንድ ጊዜ በመጥፋቱ አብዛኛው የኬንያ ክፍል ጨለመ። የኢትዮጵያ መረብ በቀጥተኛ ፍሰት የተነጠለ በመሆኑ አብሮ አልወደቀም። ያም ሆኖ 200 ሜጋ ዋት የሚወስድ ደንበኛ በድንገት ሲጠፋ ሻጩም ማመንጫዎቹን በቅጽበት ማስተካከል ይኖርበታል።

ሦስተኛው ሥጋት ከቴክኒክ ውጪ ነው። በሱዳን ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው ጦርነት የአገሪቱን የኤሌክትሪክ ተቋማት ክፉኛ ጎድቷል። መስመር ተዘርግቶ ማመንጫ ቢኖርም፣ ገዢው አገር ሰላም ካጣ ኃይሉን የሚያከፋፍልበት መረብም የሚከፍልበት አቅምም ይዳከማል። በአንድ ገዢ ላይ ብቻ አለመመሥረት ተገቢ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁለት አገሮች ውል ወደ ቀጣና ገበያ

የምሥራቅ አፍሪካ የኃይል ቋት በየካቲት 1997 ዓ.ም. በሰባት አገሮች የተመሠረተ ሲሆን፣ እነዚህም ቡሩንዲ፣ ዴሞክራቲክ ኮንጎ፣ ግብፅ፣ ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ሩዋንዳና ሱዳን ናቸው። ታንዛኒያ፣ ኡጋንዳ፣ ሊቢያና ጂቡቲ በኋላ ተቀላቅለዋል። ጽሕፈት ቤቱ የሚገኘው በአዲስ አበባ ነው። የቋቱ ዓላማ አገሮች ሁለት ለሁለት ከሚዋዋሉበት አሠራር አልፈው፣ ሻጮችና ገዢዎች ለነገው ቀን ኃይል በአንድ ገበያ ዋጋ የሚያቀርቡበትን ሥርዓት መፍጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመው የደቡባዊ አፍሪካ የኃይል ቋት ይህን አሠራር ከብዙ ዓመታት በፊት ጀምሮታል።

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ኃይል የተለቀቀበት ከኬንያ ኢሲንያ እስከ ታንዛኒያ ሲንጊዳ የሚዘልቀው የ400 ኪሎ ቮልት መስመር ለዚህ ትልቅ እርምጃ ነው። በእርሱ አማካይነት ከወላይታ ሶዶ የተነሣ ኃይል በኬንያ አልፎ ታንዛኒያ ሊደርስ ይችላል፤ ኬንያም ለመስመሯ የማስተላለፊያ ክፍያ ታገኛለች። የታንዛኒያ ፍላጎት መጀመሪያ ሲሰማ ያስገርማል። አገሪቱ በሩፊጂ ወንዝ ላይ 2,115 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የጁሊየስ ኔሬሬ ግድብ አላት። ይሁንና በ2017 ዓ.ም. የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሳሚያ ሱሉሁ ሐሰን እንደገለጹት፣ ከዚያ እስከ ሰሜናዊው ክፍል ያለው ርቀት የሚያስከትለው ብክነት ከባድ ስለሆነ ለሰሜኑ ከጎረቤት መግዛት ተመራጭ ሆኗል። በአገር ውስጥም ጭምር ተቃውሞ ገጥሞት የነበረው ይህ ሐሳብ ከቦረናው መንደር ጥያቄ ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ ኃይል መኖሩ ብቻ ሳይሆን ያለበት ቦታና ወደ ተጠቃሚው የሚወስደው መስመር ርቀት ዋጋውን ይወስናል። በዚሁ አመክንዮ የኢትዮጵያ የጠረፍ ከተሞችም ከሩቅ ማመንጫ ይልቅ ከጎረቤት አገር ኃይል መግዛት የሚቀላቸው ጊዜ ሊመጣ ይችላል። በአሁኑ ወቅት ግን የሚታየው ተቃራኒው ነው፤ የኬንያዋ ሞያሌ ከኢትዮጵያ ወገን በሚሄድ የሥርጭት መስመር ኃይል ስታገኝ ቆይታለች።

የትኛው ተቋም ምን ይሠራል?

በ2006 ዓ.ም. የቀድሞው ኮርፖሬሽን ለሁለት ተከፍሏል፤ ሕዝቡ ግን ዛሬም ሁለቱንም «መብራት ኃይል» ብሎ ስለሚጠራ አቤቱታዎች ወደማይመለከተው ቢሮ ሲሄዱ ይስተዋላል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫዎችንና ከ66 ኪሎ ቮልት ጀምሮ ያሉ ከፍተኛ መስመሮችን ያስተዳድራል፤ ለጎረቤት አገሮች ኃይል የሚሸጠውም እርሱ ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ከዚያ በታች ያሉ የሥርጭት መስመሮችን፣ ትራንስፎርመሮችንና ቆጣሪዎችን ይይዛል። የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ፈቃድ ይሰጣል፣ የአገልግሎት ደረጃን ይቆጣጠራል። በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 መሠረት ኃይል ወደ ውጭ መላክም ሆነ ከውጭ ማስገባት ፈቃድ የሚያስፈልገው ሥራ ነው። የውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ፖሊሲ ያወጣል፤ ከጎረቤት መንግሥታት ጋር የሚደረጉ የዘርፉን ስምምነቶች ይመራል።

በመሆኑም የሠፈር መብራት ሲጠፋ፣ ትራንስፎርመር ሲቃጠል፣ ምሰሶ ሲዘም ወይም አዲስ ቆጣሪ ሲፈለግ አቤቱታ የሚቀርበው በአቅራቢያው ላለ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ማዕከል ወይም በ905 ነፃ የስልክ መስመር ነው። ማዕከሉ በተገቢው ጊዜ ምላሽ ካልሰጠ አቤቱታውን በጽሑፍ ለነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ማቅረብ ይቻላል። አቤቱታው የቆጣሪውን ቁጥር፣ ችግሩ የጀመረበትን ቀንና ለማዕከሉ ቀደም ሲል የቀረበበትን ማስረጃ ቢይዝ ለማጣራት ይቀላል።

ከከፍተኛ መስመር ጋር የተያያዙ ጉዳዮች በሌላ መንገድ ይታያሉ። ለምሰሶ መትከያ ወይም ለመስመር ክልል መሬቱ፣ ሰብሉ ወይም ቤቱ የተነካበት ባለይዞታ፣ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011ና በማሻሻያው መሠረት ካሣ የማግኘት መብት አለው። የካሣ ግመታው ያላረካው ሰው አቤቱታውን በአካባቢው ለተቋቋመው አቤቱታ ሰሚ አካል ያቀርባል። ለአቤቱታና ለይግባኝ በሕጉ የተወሰነ ጊዜ ስላለ፣ የግመታው ውጤት በጽሑፍ በደረሰ ጊዜ ሳይዘገዩ ወደ ወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት መሄድ ይመከራል። በመስመሩ ክልል ውስጥ አጫጭር ሰብሎችን ማልማትና ከብት ማሰማራት በአብዛኛው የሚፈቀድ ሲሆን፣ ቤት መሥራትና ወደ ላይ የሚያድጉ እንደ ባሕር ዛፍ ያሉ ዛፎችን መትከል አይፈቀድም። ከምሰሶ ላይ ብረት ሲፈታ ወይም ሽቦ ተንጠልጥሎ ሲታይ ሳይጠጉ፣ ለቅርብ ፖሊስ ጣቢያ ወይም ለአቅራቢያው የማከፋፈያ ጣቢያ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ በ500 ኪሎ ቮልት መስመር አጠገብ ኤሌክትሪኩ ሽቦውን ሳይነኩትም ሰውን ሊገድል ይችላል።